«ስታሊንግራድ ነው ወይስ ኖርማንዲ?»

መጀመሪያ ጥያቄውን ላስቀምጠው። አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «መምህር፣ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የቀየረው ስታሊንግራድ ነው ወይስ ኖርማንዲ? የሞተው ሰውስ ስንት ነው? አንዱ 50 ሚሊዮን ይላል፣ ሌላው 85 ሚሊዮን። የእኛ ሟቾችስ ውስጡ አሉበት?»

እህቴ፣ የጠየቅሽው ሦስት ጥያቄ ነው፤ ሦስቱ ግን አንድ ቦታ ይገናኛሉ። የ20ኛውን ክፍለ ዘመን ታሪክ ሳስተምር 16 ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያውን ጥያቄ የማይጠይቅ ተማሪ የለም። የቀሩትን ሁለቱን የሚያነሳ ግን ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ሌላ ቦታ ስታነቢ እንዳይምታታብሽ።

ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ካልሽኝ ስታሊንግራድ ነው፣ ቮልጋ ወንዝ ዳር ያለችው የሶቪየት ከተማ። ኖርማንዲ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ጁን 6 ቀን 1944፣ በአንድ ቀን ብቻ፣ ወደ 156,000 የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የአጋሮቻቸው ወታደር በባሕርና በአየር ፈረንሳይ ገብቷል። ግን ያን ቀን የጀርመን ጦር በምሥራቅ ግንባር ወደ ኋላ መመለስ ከጀመረ ከዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ኖርማንዲ የዞረውን ጦርነት አፋጠነው እንጂ አላዞረውም። በዚያው ወር መጨረሻ ሶቪየቶች ቤላሩስ ውስጥ ባግራትዮን የሚባል ማጥቃት ከፍተው አንድ ሙሉ የጀርመን የጦር ቡድን ደምስሰዋል። ስለ ኖርማንዲ በደንብ የሚያወራ ተማሪ ብዙ አለኝ፤ ባግራትዮን የሚለውን ስም ሰምቶ የመጣ ግን የለኝም ማለት ይቻላል።

ለእኔ ግን ከሁለቱም የምትቀድም አንዲት ሳምንት አለች። ከዲሴምበር 5 እስከ 11 ቀን 1941 ያለችው። ዲሴምበር 5 ሶቪየቶች ሞስኮ በር ላይ መልሶ ማጥቃት ጀመሩ። ጀርመኖች ከተማዋ አፍንጫ ሥር ደርሰው ነበር፣ ግን ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲወርድ አብዛኛው ወታደር የክረምት ካፖርት እንኳ አልነበረውም፤ ዕቅዱ በረዶ ሳይወርድ ጦርነቱ ያልቃል የሚል ነበርና። ዲሴምበር 7 ጃፓን የአሜሪካን የባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን መታች። ዲሴምበር 11 ሂትለር ራሱ አሜሪካ ላይ ጦርነት አወጀ። በሰባት ቀን ውስጥ የጀርመን ፈጣን ጦርነት አበቃ፣ በላዩም የዓለም ትልቁ ፋብሪካ ጠላቷ ሆነ። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ የዘይት፣ የብረት፣ የስንቅና የሰው ብዛት ጉዳይ ነው። ጀርመን ደግሞ በአራቱም ታንስ ነበር።

ታዲያ ስታሊንግራድ ምን አደረገ? ለጀርመን መመለሻውን ዘጋው። ሂትለር በ1942 የፈለገው የካውካሰስን ዘይት ነው። ሠራዊቱን ለሁለት ከፈለው፣ አንዱ ወደ ዘይቱ፣ ሌላው ወደ ቮልጋ ወንዝ። ኦገስት 23 ስታሊንግራድ በአውሮፕላን ስትደበደብ ነዋሪው ገና አልወጣም ነበር። እናቶች ከነልጆቻቸው በፈረሰ ቤት ሥር፣ በምድር ቤት ውስጥ ከረሙ። ውጊያው የከተማ ሳይሆን የፎቅ ውጊያ ሆነ፤ አንዱ ወገን ምድሩን ይዞ ሌላው ሁለተኛውን ፎቅ ይዞ የሚታኮስበት። ከዚያ ኖቬምበር 19 ሶቪየቶች ከተማዋን ትተው ግራና ቀኙን መቱ። እዚያ የቆሙት ሩማኒያውያን ነበሩ፣ ታንክ የሚያቆም መሣሪያ እጅግ ያነሳቸው። በአራት ቀን ውስጥ ሁለቱ የሶቪየት ክንዶች ካላች የምትባል ቦታ ላይ ተገናኙ። ከ250,000 በላይ የጀርመንና የአጋሮቿ ወታደር ተከበበ።

የጀርመን አየር ኃይል አዛዥ ጎሪንግ በአውሮፕላን እቀልባቸዋለሁ ብሎ ቃል ገባ። በቀን ቢያንስ 300 ቶን ያስፈልግ ነበር፤ የደረሳቸው በአማካይ 100 ቶን ገደማ ነው። ፈረሶቻቸውን በሉ። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1943 ሁሉም ሲያበቃ 91,000 ሰው ተማረከ፣ ከነዚህ አገሩ የገባው 6,000 ቢሆን ነው። የመጨረሻዎቹ የተመለሱት በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ከሶቪየት ወገን በዚህ አንድ ውጊያ ብቻ የሞተውና የጠፋው ወታደር ወደ 480,000 ይደርሳል። አሜሪካ በጠቅላላው ጦርነት፣ በአውሮፓም በፓሲፊክም፣ የሞተባት ወታደር 405,000 ገደማ መሆኑን አስቢና አወዳድሪው።

የፓሲፊኩን በአጭሩ ልለፈው። ሚድዌይ የምትባል ደሴት አጠገብ፣ ጁን 1942። ጃፓን አራት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ በአንድ ውጊያ አጣች፣ ሦስቱ በደቂቃዎች ውስጥ ነው በእሳት የተያያዙት። ከዚያ በኋላ የጠፋውን መተካት ከበዳት። አትላንቲክ ላይ ደግሞ በሜይ 1943 የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በአንድ ወር ከ40 በላይ ሰጥመውባት አዛዡ ከሰሜን አትላንቲክ አስወጣቸው። ለፈተና የሚጠይቁሽ እነዚህን ነው፣ ያዢያቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። «ጦርነቱ ዞረ» ስንል ሰው የሚመስለው መሞት የቀነሰ ነው። አልቀነሰም። ብሶ ነው የቀጠለው።

የስታሊንግራድን ወራት እንደገና አብረን እንይ፣ አሁን ግን ከካርታው ላይ ዐይናችንን አንስተን። ጁላይ 22 ቀን 1942 ጀርመኖች ዋርሶ ጌቶ ውስጥ፣ ማለትም ለብቻው በታጠረ ሠፈር፣ ያጎሩትን አይሁድ ማጋዝ ጀመሩ። ባቡሩ የሚሄደው ትሬብሊንካ ወደሚባል ቦታ ነው። ትሬብሊንካ እስር ቤት አልነበረም፤ ሰው ከባቡር ወርዶ በሰዓታት ውስጥ በጋዝ የሚገደልበት ቦታ ነው። ከዋርሶ ብቻ እስከ ሴፕቴምበር 21 ድረስ ወደ 265,000 ሰው ተጋዘ። ሁለት ወር ብቻ! በዚያው ሁለት ወር የጀርመን ጦር ወደ ቮልጋ እየገሰገሰ ባቡር አነሰን፣ ስንቅ አልደረሰንም እያለ ይጮህ ነበር።

ክፍል ውስጥ ሁሌ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ሆሎኮስት የገደላቸው አይሁድ 6 ሚሊዮን ናቸው። በማርች 1942 ከነዚህ ሟቾች ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት ገና በሕይወት ነበሩ። ከ11 ወር በኋላ፣ ልክ ጀርመኖች ስታሊንግራድ ላይ እጅ ሲሰጡ፣ ቁጥሩ ተገልብጦ ነበር፤ ከ75 እስከ 80 በመቶው ሞቷል። ማለትም ጦርነቱ የዞረበት ዓመትና ያ ሕዝብ ያለቀበት ዓመት አንድ ዓመት ነው። የጦር ታሪክ መጽሐፍ ላይ 1942 የተስፋ ዓመት ነው። ዋርሶ ውስጥ የነበረ ሰው ግን ተስፋውን ለማየት አልደረሰም።

ሌላው ሰው የሚስተው ነገር፣ እጅግ ብዙው ሟች በጥይት አለመሞቱ ነው። ረሃብ ነው። በሶቪየት ምድር ደግሞ ረሃቡ ድርቅ ያመጣው ሳይሆን የታቀደ ነበር። ጀርመን ሶቪየትን ከመውረሯ በፊት፣ በሜይ 1941፣ በርሊን ውስጥ ባለሥልጣናቱ ቁጭ ብለው ሠራዊቱ ከወረረው አገር እህል እንዲበላ፣ ለዚያም ብዙ ሚሊዮን ሰው እንዲራብ ወስነዋል፣ በጽሑፍም አስፍረውታል። ውጤቱን በምርኮኞቹ እዪው። በጀርመኖች እጅ የወደቀው የሶቪየት ወታደር 5.7 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ከነዚህ 3.3 ሚሊዮን ገደማው ሞተ። አብዛኛው በመጀመሪያው ክረምት፣ በሽቦ በታጠረ ሜዳ ላይ፣ ጣራ የሌለው፣ ሣር እየነጨ እየበላ። ከአይሁድ ቀጥሎ በጀርመን እጅ በብዛት ያለቀው ወገን ይሄ ነው፣ ስሙ ግን እምብዛም አይነሳም።

ሌኒንግራድ ደግሞ አለች፣ ጀርመኖች የከበቧት ትልቅ የሶቪየት ከተማ። ከበባው 872 ቀን ፈጀ፣ ከሴፕቴምበር 1941 እስከ ጃንዋሪ 1944። በኖቬምበር 1941 መጨረሻ የራሽኑ ዳቦ ለሠራተኛ 250 ግራም፣ ለቢሮ ሰው፣ ለሽማግሌና ለልጅ 125 ግራም ደረሰ። ቁጥሩን ማንበብ አንድ ነገር ነው። እኔ ይህን ትምህርት ሳስተምር ሁልጊዜ ዳቦና የወጥ ቤት ሚዛን ይዤ እገባለሁ። ቆርጬ ሚዛኑ ላይ አስቀምጣለሁ፣ 125 ሲል አቆማለሁ። መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ለተማሪዎቹ እነግራቸዋለሁ፦ ይህ የጠዋት አይደለም፣ የቀን ነው። ከዳቦው ጋር ወጥ የለም። ዱቄቱም ንጹህ አይደለም፣ ወረቀት የሚሠራበት የእንጨት ገለባ ተቀላቅሎበታል። ቤቱ እሳት የለውም፣ ውጭው በረዶ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ ያንን ቁራሽ ተቀብላኝ ትምህርቱ እስኪያልቅ በእጇ ይዛ ቆየች። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። በከተማዋ ያለቀው ሲቪል ወደ 800,000 ይጠጋል፣ ከዚያ በላይ የሚሉም አሉ።

ከሌኒንግራድ ሳንወጣ ከእኛ ጋር የሚያያዝ ነገር ልንገርሽ። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባል የዕፅዋት ሳይንቲስት በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። በበቅሎ ዞሮ ስንዴውን፣ ገብሱን፣ ጤፉን ዘር በዘር ሰብስቦ ወደ ሌኒንግራድ ወሰደ። ከመላው ዓለም ከሰበሰበው ጋር ትልቅ የዘር ግምጃ ቤት ሆነ። ከበባው ሲመጣ የዚያ ተቋም ሠራተኞች ቶን ሙሉ ሩዝ፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴ፣ ባቄላ ታቅፈው ተቀመጡ። አልበሉትም። ለነገ ዘር ነው ብለው። በርካቶቹ እዚያው በረሃብ ሞቱ፤ የሩዝ ክፍሉ ኃላፊ የነበረው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ ሩዝ በታሸገበት ክፍል ውስጥ ነው የሞተው። ቫቪሎቭ ራሱ ግን አብሯቸው አልነበረም። የስታሊን መንግሥት ቀድሞ አስሮት ነበር። ጃንዋሪ 26 ቀን 1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ እሱም በረሃብ ሞተ። ስታሊንግራድ ድል ሊሆን አንድ ሳምንት ሲቀረው። ይህን ሰው ሳስብ ሁልጊዜ ያመኛል፣ የእኛን አርሶ አደር ማሳ ረግጦ ዘሩን ያከበረ ሰው ነው።

ረሃቡ በአውሮፓም አልቆመም። በ1943 ቤንጋል፣ ያኔ በእንግሊዝ ሥር ያለች ሕንድ፣ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው አለቀ። ጃፓን በርማን ስትይዝ የበርማ ሩዝ ተቋረጠ፣ ጃፓን ትመጣለች ተብሎ የባሕር ዳርቻው ጀልባና ሩዝ ተወሰደ፣ ዋጋው ሰማይ ነካ፣ ለንደን ደግሞ መርከብ ነፈገች። ቻይና ሄናን ክፍለ ሀገር ውስጥ በ1942 እና 43 ሌላ 2 ወይም 3 ሚሊዮን። ቬትናም በ1944 እና 45 ከ400,000 እስከ 2 ሚሊዮን ይባላል። እነዚህ ሰዎች ጠመንጃ አልያዙም። ግንባር የሚባል ነገር ዐይተው የማያውቁ ብዙዎች ናቸው።

የመጨረሻውን ዓመት ደግሞ ተመልከቺ። ከጁላይ 1944 በኋላ ጀርመን እንደተሸነፈች ጄኔራሎቿም ያውቁ ነበር። ከ5.3 ሚሊዮን ገደማ የጀርመን ወታደር ሟቾች ግማሽ ያህሉ የሞቱት ከዚያ በኋላ ነው! በጃንዋሪ 1945 ብቻ ከ450,000 በላይ። ከሜይ እስከ ጁላይ 1944 ወደ 437,000 የሃንጋሪ አይሁድ ተጋዙ፣ አብዛኞቹ በቀጥታ አውሽዊትዝ ወደሚባለው የሞት ካምፕ፤ ኖርማንዲ የተወረረው በዚሁ መሃል ነው። ኦገስት 1944 ዋርሶ በጀርመኖች ላይ ተነሣች፣ በሁለት ወር ከ150,000 በላይ ሲቪል ተገደለባት። ፌብሩዋሪ 1945 ፊሊፒንስ ውስጥ ማኒላ፣ ወደ 100,000። ማርች 10 ቀን 1945 ሌሊት ቶኪዮ በእሳት ቦምብ ነደደች፣ እዚያም ወደ 100,000፣ በአንድ ሌሊት። ከዚያ ሂሮሺማ፣ ዓመቱ እስኪያልቅ ወደ 140,000። ናጋሳኪ ወደ 70,000።

ለምን አልቆመም? ይህ ከሁሉ በላይ የምትጠይቂው ጥያቄ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። አሜሪካና እንግሊዝ በጃንዋሪ 1943 ካዛብላንካ ላይ ያለ ቅድመ ሁኔታ እጅ ስጡ ብለዋል። ሂትለርና በዙሪያው ያሉት እጃቸው እስከ ክርናቸው በደም የተነከረ ስለነበር መሸነፍ ለእነሱ ሞት ነው። በጁላይ 1944 ሊገድሉት የሞከሩ መኮንኖች ሳይሳካላቸው ቀርተው ተጨፈጨፉ። ተራው ወታደርም ሩሲያውያን ይበቀሉናል ብሎ ይፈራ ነበር፣ በእነሱ አገር ያደረገውን ያውቃልና። ጃፓንም ቢሆን ንጉሠ ነገሥቱ ምን ይሆናል በሚለው ተይዛ ወራት አባከነች። በእኔ እይታ ጥፋቱ በቅድሚያ የእነዚህ ሽንፈታቸውን እያወቁ የቀጠሉ መሪዎች ነው። የቶኪዮን የእንጨት ቤቶች ሆን ብሎ ያቃጠለውም ወገን ግን ከጥያቄ አያመልጥም፤ ሁለቱን በአንድ ሚዛን አላስቀምጥም፣ ግን አልዘልለውም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 50 እና 85 ሁለቱም ከሜዳ የተነሱ አይደሉም። ልዩነቱ ከየት ጀምሮ ተቆጠረ፣ ማንስ ተቆጠረ የሚለው ነው። ከሴፕቴምበር 1939 ከጀመርሽ አንድ ቁጥር ይመጣል፣ ጃፓን ቻይናን ከወረረችበት ከ1937 ከጀመርሽ ሌላ። በረሃብና በበሽታ የሞተውን ካልጨመርሽ ቁጥሩ በብዙ ሚሊዮን ይቀንሳል። ለቻይና ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ይባላል፣ አስተማማኝ የሕዝብ ቆጠራ ስላልነበረ ከዚያ በላይ ማጥበብ አልተቻለም። ፖላንድ ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጋ፣ ግማሹ አይሁድ፤ ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው።

ፖለቲካም ቁጥር ያዛል። የሶቪየትን እዪ። ስታሊን በ1946 የሞተብን 7 ሚሊዮን ነው አለ፤ እውነቱን ማውራት ድክመቱን ማሳየት ነበርና። በክሩሽቾቭ ጊዜ 20 ሚሊዮን ሆነ። በጎርባቾቭ ጊዜ፣ በ1990፣ ወደ 27 ሚሊዮን ከፍ አለ፣ አሁንም ድረስ የሚጠቀሰው 26.6 ሚሊዮን ነው። ከዚህ ውስጥ ወታደሩ 8.7 ሚሊዮን ገደማ ነው፣ የቀረው ሕዝብ ነው። አየሽ፣ በ1946ቱና በ1990ው ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ወደ 20 ሚሊዮን ሰው ነው፤ ለዓመታት ከወረቀት ላይ ጠፍቶ ኖሯል። ቤተሰቦቻቸው ግን ያውቁ ነበር። ስለዚህ ወረቀትሽ ላይ ስትጽፊ «ከ1937 እስከ 1945፣ ረሃብና በሽታን ጨምሮ፣ ከ70 እስከ 85 ሚሊዮን» ብለሽ ጻፊ። ቁጥሩን ብቻ አትጻፊ፣ ምን ምን እንደያዘ አብረሽ ጻፊ። መምህርሽ ጥሩ ከሆነ ለዚያ ነው ማርክ የሚሰጥሽ።

የእኛስ? ሰንጠረዥ ሲሠራ ከ1939 ስለሚጀመር አብዛኞቹ የእኛ ሟቾች ከበር ውጭ ይቀራሉ። ጣሊያን የወረረችን ኦክቶበር 3 ቀን 1935፣ በእኛ መስከረም 22 ቀን 1928 ነው። የመርዝ ጋዙ የተረጨው፣ የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ አዲስ አበባ ላይ የተፈጸመው፣ ሁሉም ፖላንድ ከመወረሯ በፊት ነው። ጃንሆይ አዲስ አበባ የተመለሱት ሜይ 5 ቀን 1941፣ ሂትለር ሶቪየትን ገና ሳይወርር። ስለዚህ «ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1939 ተጀመረ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለአውሮፓ ልክ ነው፤ ለቻይናና ለእኛ ግን ልክ አይደለም። እኔ ክፍል ውስጥ ከ1935 ነው የምጀምረው፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ሌላ ቢልም። ይህን ጀርመን የሚማር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ፕሮፌሰሩን ሞግቶት አሸንፏል፣ ደውሎ ነግሮኛል፣ ከዚያ ቀን የበለጠ የተደሰትኩበት ቀን ትንሽ ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ለሰላም ጉባኤው ያቀረበው ቁጥር 760,300 ሟች ነው። ዝርዝር አለው። በጦር ሜዳ የወደቁ 275,000። በአርበኝነት ሲዋጉ የሞቱ 78,500። በየካቲት 12 ጭፍጨፋ 30,000። በእስር ካምፕ 35,000። በጣሊያን ፍርድ ቤት ትእዛዝ የተገደሉ አርበኞች 24,000። በአየር ድብደባ ያለቁ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሌሎች 17,800። የታሪክ ሰዎች ስለ አንዳንዱ መስመር ይከራከራሉ፣ በተለይ ስለ የካቲት 12። ከዝርዝሩ ትልቁ መስመር ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። 300,000 ሰው ነው፣ መንደሩ ተቃጥሎ፣ ከብቱ ተነድቶ፣ እህሉ ወድሞ፣ በረሃብና በመንከራተት ያለቀ።